ዘኬዎስ፤ የሰውን ገንዘብ ስለ መመለስ

ዘኬዎስ በኢያሪኮ ከተማ የቀራጮች አለቃ ነበረ። ታሪኩም በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 19 ተጽፎ ይገኛል። በዚያ ዘመን ቀራጮች ለሮም መንግሥት ቀረጥ ሲሰበስቡ፥ ብዙዎቹ ከታዘዘው በላይ እየተቀበሉ ትርፉን ለራሳቸው ያደርጉት ነበር። ዘኬዎስም ባለጠጋ ነበረ፤ ሕዝቡ ግን ይጠላው ነበር።

ይህ ሰው ቁመቱ አጭር ስለ ሆነ፥ ጌታችንን ለማየት በሾላ ዛፍ ላይ መውጣቱን ሕፃናት ሁሉ ያውቃሉ። ብዙዎችም ታሪኩን ሲናገሩ ዘኬዎስን በዛፉ ላይ ይተዉታል። የታሪኩ ፍሬ ግን ከዛፉ ከወረደ በኋላ ነው።

ጌታችን ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ፥ ዘኬዎስ የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፥ በግፍ የወሰደውንም አራት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ተናገረ። በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 5፥ በደሉን የሚናዘዝ ሰው የወሰደውን ሁሉ መልሶ አምስተኛ እጅ እንዲጨምርበት ታዝዞአል። አራት እጥፍ ግን በግ ሰርቆ ባረደ ወይም በሸጠ ሰው ላይ የሚፈረድ ነው። ዘኬዎስ ቀላሉን ትቶ ከባዱን በራሱ ላይ ፈረደ። ጌታችንም ወደ ቤቱ የገባው ይህን ከመናገሩ አስቀድሞ ነው። እንግዲህ ዘኬዎስ ምሕረትን በገንዘብ አልገዛም፤ ምሕረትን ስላገኘ እጁ ተፈታ እንጂ።

ስለዚህ የሰውን ገንዘብ በቤት አስቀምጦ ለእግዚአብሔር «ይቅር በለኝ» ማለት ንስሐ አይባልም። በትልቅ ቁና ገዝቶ በትንሽ ቁና የሚሸጥ ነጋዴ፥ እሑድ ቢጸልይ፥ ሰኞ ቁናውን ይለውጥ። እረኛም ሲጫወት ከብቶቹ የጎረቤቱን ጤፍ ቢበሉ፥ ማንም አላየኝም ብሎ ዝም አይበል፤ ሄዶ ለባለ እርሻው ይንገር። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22፥ እንዲህ ያለው ጥፋት ከመልካሙ እህል እንዲከፈል ታዝዞአል። የባልንጀራውን እርሳስ የወሰደ ተማሪም፥ እርሳሱ ቢያልቅ እንኳ ሌላ ይተካለት።

አንዳንድ ሰው ግን «የወሰድሁትን ለድሀ እመጸውተዋለሁ» ይላል። ይህ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ባለ ገንዘቡ ሌላ ነው፥ ድሀውም ሌላ ነው። ዘኬዎስ ሁለቱን አልቀላቀለም። ለድሆች ከራሱ ገንዘብ ሰጠ፤ ለተበደሉትም የእነርሱን መለሰ። ባለቤቱ እየታወቀ በሰው ገንዘብ መመጽወት ስርቆትን መሸፈን ነው።

ሌላው ደግሞ «ብመልስ ሌባ ይሉኛል» ብሎ ይፈራል። በእውነት መመለስ ያሳፍራል። ዘኬዎስንም ሕዝቡ ኃጢአተኛ ነው ብለው ያንጐራጕሩበት ነበር፤ እርሱ ግን ተነሥቶ በደሉን ገለጠ። የመመለስ እፍረት የአንድ ቀን ነው፤ የተደበቀ የሰው ዕቃ ግን ባዩት ቍጥር ልብን ይከሳል።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ያነበበ ልጅ፥ በቤቱ የሰው ዕቃ እንዳለ ይፈልግ። ቢያገኝም ሳይመሽ ለባለቤቱ ይውሰድ። ዘኬዎስ ነገሩን ለነገ አላሳደረውምና።