ከዓይን ሥር ስለሚወጋው መሙያ

ከሩቅ አገር ወደ ሰቆጣ የሚመለሱ እኅቶቻችን ከዓይን ሥር ያለውን ጎድጓዳ ስፍራ በመርፌ ስለ ማስሞላት ይጠይቁኛል። ኩል ካላማረ ይታጠባል፤ ይህ ግን ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባል፥ ከቆዳ በታች ለብዙ ወራት የሚቀመጥ ዝልግልግ ነገር ነው። እብጠትና ሰማያዊ ጥላ ማስከተሉ ቀላሉ ጉዳት ነው። የሚያስፈራው ወደ ደም ሥር ገብቶ የዓይንን ደም የዘጋ እንደ ሆነ ነው፤ ይህም እጅግ ጥቂት ጊዜ ቢደርስም፥ የጠፋው ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

እኔ ግን አስቀድሜ የምመረምረው፥ ሴቲቱ ከስታ ወይም ደም አንሷት እንደ ሆነ ነው፤ ጤነኛ ከሆነች ጉድጓዱ የዘር መልክ ሊሆን ይችላልና መርፌውን አልመክራትም። የቈረጠች ግን ዋጋውን ከመጠየቋ በፊት፥ ሃያሉሮኒዴዝ የተባለው ማሟሚያ መድኃኒት በሐኪሙ እጅ መኖሩን ትጠይቅ። ቆዳዋ ቢነጣ፥ ቢያማት ወይም ዓይኗ ቢፈዝ፥ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ትሂድ፤ እስኪነጋ አትጠብቅ።