ጭብጨባ ብቻውን ሰው አያሳድግም

የማኅበራችን የባህል ምሽት በደረሰ ቁጥር ግጥም የሚጽፍ፣ ዜማ የሚደርስ፣ አጭር ድራማ የሚያዘጋጅ አይጠፋም። ሥራው ቀርቦ ሲያልቅ እናጨበጭባለን፣ «ምርጥ ነበር!» እንላለን፣ ፎቶ ተነስተን እንበተናለን። በዓመቱ ያው ሰው ያንኑ ዓይነት ሥራ ይዞ ይመጣል። እኔ እንደሚመስለኝ የጎደለው ችሎታ ሳይሆን ቁጭ ብሎ እውነቱን የሚነግረው ሰው ነው።

ይህን ሳስብ ትዝ የሚለኝ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፈው አሜሪካዊው የሙዚቃዊ ቲያትር ደራሲ ስቴፈን ሶንድሃይም ነው። በ15 ዓመቱ ለትምህርት ቤቱ የጻፈውን ሥራ ለጎረቤቱ ለኦስካር ሃመርስታይን አሳየው። ሃመርስታይን «ኦክላሆማ!»ን የጻፈ፣ አንቱ የተባለ ሰው ነበር። ልጁ ሙገሳ ሲጠብቅ ሥራው በጣም ደካማ እንደሆነ በግልጽ ነገረው። ግን በዚያ አላበቃም፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አብሮት ተቀምጦ ምኑ ለምን እንዳልሠራ አንድ በአንድ አስረዳው። ቀጥሎም አራት ሙዚቃዊ ቲያትሮችን እንዲጽፍ የቤት ሥራ ሰጠው፦ አንዱን ከሚወደው ተውኔት፣ ሁለተኛውን ጉድለት አለበት ከሚለው ተውኔት፣ ሦስተኛውን ከልብ ወለድ፣ አራተኛውን ከራሱ ፈጠራ።

ሶንድሃይም ያንን ዓይን በራሱ ሥራ ላይም አላነሳም። በ1957 ለ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ግጥሞቹን ሲጽፍ ገና 27 ዓመቱ ነበር። ዘፈኖቹ ዓለም ቢወዳቸውም እርሱ ግን «አይ ፊል ፕሪቲ»ን ሲተች ኖረ። ከፖርቶ ሪኮ በቅርቡ የመጣች ልጅ እንዲያ የተራቀቀ ቤት መምቻ ከአፏ አይወጣም ባይ ነበር። ለእርሱ ዘፈን የደራሲውን ብልጠት ማሳያ ሳይሆን የባለታሪኩ ንግግር ነው፤ ቅርጹንም የሚወስነው ይዘቱ ነው።

መንገዱም አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1964 ያቀረበው ሥራ ከ9 ትርኢት በኋላ፣ የ1981ዱ «ሜሪሊ ዊ ሮል አሎንግ» ደግሞ ከ16 በኋላ ተዘጋ። እርሱ ግን ሥራውን ቀጠለ፤ በ1985 ከጄምስ ላፒን ጋር የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። «ሜሪሊ»ም እንደገና ተዘጋጅቶ በ2024 የቶኒ ሽልማት አሸነፈ።

«እኛ ተማሪዎች ነን፤ የምንሰበሰበው ናፍቆታችንን ለመወጣት ነው፤ ለምን የሰው ሞራል እንነካለን?» የሚል ይኖራል። ይሉኝታው ይገባኛል። ነገር ግን እርማት ለባህላችን እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ተማሪው ተዋረድኩ ብሎ ቤቱን ጥሎ አይሄድም፤ የመጣው ሊማር ነውና። «ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል» የምንለውም ለዚህ ነው።

እውነት መናገር ማለት ግን ማብጠልጠል አይደለም። ሃመርስታይንን ከተሳዳቢ የሚለየው ጊዜውን መስጠቱ ነው። ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ከሚቀጥለው የባህል ምሽት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ከሰዓት በኋላ እንመድብ። አቅራቢዎች ሥራቸውን ያሰሙ፤ የሰማን ደግሞ የሠራውን አንድ ነገር፣ ያልሠራውንም አንድ ነገር ከነምክንያቱ እንንገራቸው። ለማስተካከል ሁለት ሳምንት ይኖራቸዋል። ጭብጨባው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።