መነጽር መጣል ይቻላልን?

ከመካከላችን አንዳንዶቹ መነጽራቸውን በሣጥን ቆልፈው፥ ማታ ማታ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከድነው ይቀመጣሉ፤ ጧት ደግሞ ወደ ፀሐይ ያንጋጥጣሉ። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው «መነጽር ዓይንን ያሰንፈዋል፤ ልምምድ ግን ያበረታዋል» ይሉናል። እነዚሁ ወዳጆቻችን በክፍል ውስጥ ሰሌዳው አይታያቸውምና ከጎረቤት ደብተር ሲገለብጡ ይውላሉ።

አሳቡ የቆየ ነው። የኒው ዮርኩ የዓይን ሐኪም ዊሊያም ቤትስ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ዓይን ቅርብና ሩቅ የሚያየው በውጭ ያሉት ጡንቻዎች ኳሱን ሲጨምቁት ነው፤ ስለዚህ ጡንቻዎቹን ማሳረፍ ይበቃል ሲል ጻፈ። ዳሩ ግን ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ ከእርሱ አስቀድሞ እንዳስረዳው፥ ቅርብ ስናይ ቅርጹን የሚለውጠው በውስጥ ያለው ሌንስ ነው። ሩቅ ማየት የተሳነን የብዙዎቻችን ችግር ደግሞ የስንፍና ሳይሆን የርዝመት ነው። የአዋቂ ሰው የዓይን ኳስ ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢረዝም ወደ 3 ዲዮፕተር የሚጠጋ መነጽር ያስፈልገዋል። የረዘመውን መዳፍ አያሳጥረውም።

መዳፍ መጫኑ እንኳ ጉዳት የለውም፤ ሲያነብ ላመሸ ሰው ዕረፍት ነው። ፀሐይን ማፍጠጥ ግን ሬቲናን ያቃጥላል፤ ጠባሳውም ለዘለቄታ ሊቀር ይችላል።

«እኔን አሻሽሎኛል» የሚሉትን ውሸታሞች አንላቸውም። ደብዛዛ ፊደል መገመት በልምምድ ይሻሻላልና። እንግሊዛዊው ደራሲ አልደስ ሀክስሊ በዚሁ ዘዴ እንደ ተረዳ በ1942 መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን በአንድ ግብዣ ላይ ያለ መነጽር ንግግር ሲያነብ ድንገት ተደናቅፎ፥ ከኪሱ ማጉያ መስተዋት እንዳወጣ፥ ንግግሩንም በቃሉ አጥንቶት እንደ ነበር ቤኔት ሰርፍ ጽፏል።

መነጽር ዓይንን ያደክማል መባሉስ? መነጽር ብርሃንን ከማጠፍ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። እንዲያውም በማሌዢያ ልጆች ላይ ተደርጎ በ2002 በታተመ ጥናት፥ ሆነ ተብሎ ደከም ያለ መነጽር የተሰጣቸው ልጆች ዓይን ልኩን ካደረጉት ይልቅ ፈጥኖ ደክሟል።

ያለ መነጽር የሚረዳ ነገር ፈጽሞ የለም ማለታችን አይደለም። ሕፃናት በቀን ብርሃን ደጅ መዋላቸው ችግሩ እንዳይጀምራቸው ይረዳል፤ ታይዋን ከ2010 ጀምሮ ተማሪዎቿ በቀን 2 ሰዓት ደጅ እንዲውሉ ታበረታታለች። ይህ ለታናናሾቻችን ነው፤ የእኛን አንዴ የረዘመውን አይመልሰውም።

እንደሚመስለን ብዙዎችን ከመነጽር የሚያሸሻቸው የቤትስ ትምህርት ሳይሆን ዋጋውና ሐፍረቱ ነው። መነጽር ያደረገችውን እኅት «አራት ዓይና» እያሉ የሚሳለቁባት ሰዎች፥ ይህ ስም በአብነት ትምህርት ቤት የአራቱን ጉባኤያት ትርጓሜ ላጠናቀቀ ሊቅ የሚሰጥ ማዕርግ መሆኑን ዘንግተዋል። የዋጋውን ነገር ግን ቀልድ አይፈታውም። ስለዚህ ማኅበራችን ለአስተዳደሩ ሁለት ጥያቄ ያቅርብልን፤ አንደኛ፥ በየዓመቱ መጀመሪያ የዓይን ምርመራ በግቢው ውስጥ እንዲደረግ፤ ሁለተኛ፥ መግዣ ለሌለው ተማሪ የመነጽር ብድር እንዲቋቋም። እስከዚያው ድረስ የፊት ወንበሮች ሰሌዳው ለማይታያቸው ይለቀቁ።