መድረኩን የያዘው ማን ነው? የመጠየቅ መብትስ የማን ነው?

በመደብ በተከፋፈለ ኅብረተሰብ ውስጥ ማናቸውም የንግግር መድረክ ባለቤት አለው። አዳራሹን ያሠራ፣ የበሩን ቁልፍ የያዘ፣ ተናጋሪውን የሚጠራና አድማጩን የሚያስቀምጥ ወገን አለ። ስለዚህም አንድ የፖለቲካ ሰው በአንድ የተከበረ ሥፍራ ቆሞ ሲናገር ‹‹ምን አለ?›› ብለን መጠየቃችን ተገቢ ቢሆንም በቂ አይደለም። ማን ጠራው? አድማጩ የመጣው ወዶ ነው ወይስ ተገዶ? ንግግሩ ካበቃ በኋላስ እጁን አውጥቶ የሚጠይቅ አለን? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ የነገሩ ምሥጢር ተሸፍኖ ይቀራል።

ይህን ሐቅ አጉልተው ከሚያሳዩት ሥፍራዎች መካከል በዩናይትድ ስቴትስ የሚገኙት ክርስቲያናዊ ዩኒቨርሲቲዎች በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። በምርጫ ዘመን ዕጩዎች ይጎርፉባቸዋል፤ በምረቃ በዓል ፕሬዚዳንቶች ካባ ለብሰው ይቆሙባቸዋል፤ ‹‹ይህ ሰው በዚህ ሥፍራ እንዴት ይናገራል?›› የሚል ሙግትም በየጊዜው ይነሣባቸዋል። ሙግቱ የሚካሄደው በሃይማኖት ቋንቋ ይሁን እንጂ ከሥሩ ያለው ጥያቄ የሥልጣንና የጥቅም ጥያቄ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሊሰመርበት የሚገባው ግን የምንመረምረው የማንንም እምነት አለመሆኑ ነው። ሠርቶ አዳሪው ሕዝብ በየቤተ እምነቱ የሚያደርሰው ጸሎት የኅሊናው ጉዳይ ነው። የምንመረምረው በእምነት ስም የቆመውን መድረክና ያን መድረክ የሚጠቀሙበትን ኃይሎች ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በግሪንቪል ከተማ የሚገኘውን ቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲን እንውሰድ። በ1927 የተቋቋመው ይህ ተቋም እስከ 1971 ድረስ አንድም ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር። ከዚያም በሩን የከፈተው ላገቡት ብቻ ሲሆን፣ ያላገቡ ጥቁሮችን መቀበል የጀመረው በ1975 ነው። በሩን ሲከፍት ግን ሌላ አጥር አጠረ፤ ዘራቸው የተለያየ ወጣቶች እንዳይጠናኑና እንዳይጋቡ ከለከለ። ክልከላውንም በቅዱስ መጽሐፍ ስም አጸደቀ። የአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት በዘር አድልዎው ምክንያት ተቋሙ ከግብር ነፃ የመሆን መብቱን እንዲያጣ በ1976 አደረገ።

እንግዲህ ሮናልድ ሬጋን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በጥር ወር 1980 ድምፅ ፍለጋ የሄዱት ወደዚህ አዳራሽ ነበር። ሥልጣን በያዙ በዓመቱ፣ በጥር 1982፣ መንግሥታቸው አድልዎ ለሚፈጽሙ ትምህርት ቤቶች ከግብር ነፃ የመሆንን መብት እንደሚመልስ አስታወቀ። በአዳራሹ ጭብጨባና በመንግሥቱ ውሳኔ መካከል ያለውን ዝምድና ለማየት የተለየ ምርምር አያሻም። ሕዝባዊው ቁጣ ግን ቀላል አልነበረም። ጉዳዩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምርቶ መንግሥት የቀድሞ አቋሙን ለመከላከል ፈቃደኛ ሳይሆን ሲቀር፣ ዊልያም ኮልማን የተባሉ ስመ ጥር ጥቁር የሕግ ባለሙያ በፍርድ ቤቱ ተሰይመው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱም በ1983 በ8 ድምፅ ለ1 በዩኒቨርሲቲው ላይ ፈረደ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በየካቲት 2 ቀን 2000 ጆርጅ ቡሽ፣ ወጣቱ፣ በኒው ሃምፕሸር በተሸነፉ ማግሥት ወደዚያው አዳራሽ ሄዱ። ስለ ክልከላው በመድረኩ ላይ ትንፍሽ አላሉም። የአገሪቱ ሕዝብ ግን ዝም አላለም። ወቀሳው ከየአቅጣጫው በበረታ ጊዜ ቡሽ ለኒውዮርኩ ካርዲናል ጆን ኦኮነር በጻፉት ደብዳቤ፣ በሥፍራው ያለውን የዘር አድልዎና በካቶሊኮች ላይ የሚነዛውን ጥላቻ በግልጽ ሳይነቅፉ በመቅረታቸው ማዘናቸውን ገለጹ። በመጋቢት ወር መጀመሪያ ላይ ዩኒቨርሲቲው የመጠናናት ክልከላውን አነሣ፤ በ2008 ደግሞ ስለ ቀድሞው የዘር ፖሊሲው ይቅርታ ጠየቀ። ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ለብዙ ዓመታት የቆየውን አጥር ያፈረሰው በአዳራሹ ውስጥ የተሰማው ጭብጨባ ሳይሆን ከአዳራሹ ውጭ የተነሣው ጥያቄ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው አብነት በቨርጂኒያ ግዛት፣ በሊንችበርግ ከተማ በ1971 የተመሠረተው የዛሬው ሊበርቲ ዩኒቨርሲቲ ነው። መሥራቹ ሰባኪ ጄሪ ፎልዌል በ1979 ‹‹ሞራል ማጆሪቲ›› የተባለውን የቀኝ ክንፍ ማኅበር ያቋቋሙ ሰው ናቸው። እኚህ ሰባኪ ለአፍሪካ ሕዝብ የነበራቸው አመለካከት በ1985 በገሃድ ታየ። የአፓርታይድ አገዛዝ ጭቁኑን ሕዝብ በጥይት በሚቆላበት በዚያ ዓመት ደቡብ አፍሪካን ጎብኝተው ሲመለሱ ማዕቀቡን ተቃወሙ፤ ክሩገራንድ የተባለውን የአገዛዙን የወርቅ ሳንቲም ክርስቲያኖች እንዲገዙ ቀሰቀሱ፤ በ1984 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉትን ዴዝሞንድ ቱቱንም የጥቁሩ ሕዝብ እውነተኛ ቃል አቀባይ አይደሉም ብለው አጣጣሉ። ስለ ቱቱ ለተናገሩት በኋላ ይቅርታ ቢጠይቁም ሰባኪው ከማን ወገን ቆመው እንደነበር ግልጽ ነው።

ይሁን እንጂ የአድኃሪያን መድረክ ሁሉ ለተቃራኒው ሐሳብ ፈጽሞ ዝግ ነው ብሎ መደምደም ሐቁን ማዛባት ይሆናል። ነገሮች የሚመረመሩት ከነቅራኔያቸው ነውና። በ1983 የሞራል ማጆሪቲ የአባልነት ካርድ የማኅበሩ ዋነኛ ተቃዋሚ ለሆኑት ለሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ በስሕተት በፖስታ ተላከ። ነገሩ በቀልድ ተጀምሮ በቁም ነገር ተፈጸመ፤ ኬኔዲ ተጋብዘው በጥቅምት 3 ቀን በፎልዌል ኮሌጅ ተናገሩ። እምነት በመንግሥት ኃይል በሰው ላይ ሊጫን እንደማይገባ ፊት ለፊት አስረዱ፤ ተማሪዎቹም አዳመጡ። በመስከረም 14 ቀን 2015 ደግሞ ራሳቸውን ዴሞክራቲክ ሶሻሊስት ብለው የሚጠሩት ሴናተር በርኒ ሳንደርስ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቀረቡ። በፅንስ ማስወረድና በሌሎች ጉዳዮች ከአድማጮቻቸው ጋር እንደማይስማሙ ሳይሸሽጉ ተናገሩ። ከነቢዩ አሞጽና ከማቴዎስ ወንጌል እየጠቀሱ፣ ጥቂቶች ሀብትን ሲያከማቹ ሕፃናት በድህነት የሚማቅቁበት ሥርዓት እንዴት ፍትሐዊ ሊባል እንደሚችል ጠየቁ። ከንግግሩም በኋላ ስለ ፅንስ ማስወረድ ተጠይቀው መለሱ። እንግዳው ጠየቁ፤ እንግዳው ተጠየቁ። አዳራሹ ትምህርት ቤት የሆነው በዚያች ሰዓት ነበር።

ነገር ግን የዚያ አዳራሽ የዘወትር አሠራር ከዚህ የተለየ ነበር። በግቢው የሚኖሩት ተማሪዎች በጉባኤው ላይ የሚገኙት በግዴታ ነው። ሴናተር ቴድ ክሩዝ በመጋቢት 23 ቀን 2015 የፕሬዚዳንትነት ዕጩነታቸውን ያወጁት በዚህ የግዴታ ጉባኤ ላይ ነበር። የቴሌቪዥን ተመልካች ያየው በሺህ የሚቆጠር ወጣት ደጋፊ ነው፤ ያላየው የመገኘት ግዴታቸውን ነው። የተፎካካሪውን የራንድ ፖልን መፈክር የያዘ ቀይ ካናቴራ ለብሰው የተቀመጡት ጥቂት ተማሪዎች ያለ ቃል የተናገሩትም ይህንኑ ነበር፤ አካላችን እዚህ ቢገኝም ድምፃችን ግን የራሳችን ነው የሚል ነበር መልእክታቸው።

በጥር 18 ቀን 2016 ዶናልድ ትረምፕ በዚያው መድረክ ተናገሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የመሥራቹ ልጅና የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄሪ ፎልዌል፣ ትንሹ፣ ለትረምፕ ድጋፋቸውን ሰጡ። ከ1954 ጀምሮ የአገሪቱ ሕግ ከግብር ነፃ የሆኑ ተቋማት ዕጩ እንዳይደግፉ ይከለክላል፤ ስለዚህ ድጋፉ ‹‹የግል›› ተባለ። መድረኩ የተቋሙ፣ አድማጩ የተቋሙ፣ ዝናው የተቋሙ ሆኖ ሳለ ድጋፉ ብቻ የግል ሆነ! በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትረምፕን በመቃወም መግለጫ አወጡ። በተማሪዎቹ ጋዜጣ ላይ ሊወጣ የነበረ ትረምፕን የሚነቅፍ ጽሑፍም በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ እንዲቀር ተደረገ። ቀደም ሲል በ2009 የተማሪዎቹ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ክበብ እውቅናውን ተነፍጎ ነበር። እንግዲህ ለታዋቂ እንግዳ ለአንዲት ቀን የተሰጠው ነፃነት በቤቱ ውስጥ ለሚኖረው ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ካልተሰጠ፣ ግብዣው የነፃነት ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ የነፃነት ጌጥ ይሆናል።

የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎችን ስንመለከት ደግሞ ሙግቱ ሌላ መልክ ይይዛል። የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት በ2004 ባወጡት መግለጫ፣ የቤተ ክርስቲያኗን መሠረታዊ የሥነ ምግባር መርሆዎች ለሚጥሱ ሰዎች የካቶሊክ ተቋማት ክብር እንዳይሰጡ አሳሰቡ። በኢንዲያና ግዛት የሚገኘው ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ በግንቦት 17 ቀን 2009 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማን በምረቃ በዓሉ ላይ ጋብዞ የክብር ዶክትሬት ሲሰጣቸው፣ በፅንስ ማስወረድ ጉዳይ ላይ ባላቸው አቋም የተነሣ ታላቅ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ። የአካባቢው ጳጳስ ከበዓሉ ቀሩ፤ የሕግ ምሁሯ ሜሪ አን ግሌንደን ሊሸለሙ የነበረውን ሜዳይ አልቀበልም አሉ፤ በግቢው ውስጥ ሰላማዊ ሰልፈኞች ታሰሩ።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አለ። አንድን ሰው ማዳመጥና አንድን ሰው ማክበር አንድ አይደሉም። ተቋም ክብሩን ለማን እንደሚሰጥ ከመርሁ ጋር ማመዛዘኑ ተገቢ ነው። ተቃዋሚዎቹ በዚህ ነጥብ ላይ ያነሡት ጥያቄ ከንቱ ነበር አንልም። ነገር ግን መርህ መርህ የሚሆነው ለሁሉም በአንድ ሚዛን ሲሠራ ብቻ ነው። ያው ዩኒቨርሲቲ በ2001 ለጆርጅ ቡሽ የክብር ዲግሪ ሰጥቷል። ቡሽ የቴክሳስ አገረ ገዥ በነበሩበት ዘመን ከ150 በላይ ሰዎች በሞት ተቀጥተዋል፤ ቤተ ክርስቲያኗም የሞት ቅጣትን ትቃወማለች። የ2009ን ያህል ማዕበል ግን ያኔ አልተነሣም። ሚዛኑ ለአንዱ ሲከብድ ለሌላው የሚቀልል ከሆነ የሚመዝነው እጅ የማን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ይህ አድሎአዊ ሚዛን በአፍሪካዊው የነፃነት ታጋይ ላይ ሳይቀር ተሠርቶበታል። በሚኒሶታ ግዛት የሚገኘው የካቶሊኮች የሴንት ቶማስ ዩኒቨርሲቲ በ2007 ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱን ላለመጋበዝ ወሰነ። ምክንያቱ ቱቱ የእስራኤልን መንግሥት ፖሊሲ መንቀፋቸው የአይሁድን ማኅበረሰብ አባላት ያስቀይማል የሚል ነበር። ውሳኔው በታወቀ ጊዜ ከመምህራኑ፣ ከተማሪዎቹ፣ ከአይሁድ ማኅበረሰብም ውስጥ ሳይቀር ተቃውሞ ተነሣ። በጥቅምት ወርም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ውሳኔውን ለውጠው ቱቱ እንዲጋበዙ አደረጉ። ከአፓርታይድ ጋር ፊት ለፊት የተጋፈጠ የሃይማኖት አባት በክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ደጅ ላይ ‹‹አከራካሪ›› ተብሎ መቆሙ፣ ይህ ቃል የሰውየውን ጠባይ ሳይሆን የባለ መድረኩን ፍርሃት የሚገልጽ መሆኑን ያመለክታል።

ለመልካም ምሳሌነት የምንጠቅሰው በሚሺጋን ግዛት፣ በግራንድ ራፒድስ ከተማ የሚገኘውን ያኔ ካልቪን ኮሌጅ ይባል የነበረውን ተቋም ነው። ፕሬዚዳንት ቡሽ በግንቦት 21 ቀን 2005 በምረቃው በዓል ላይ ሲናገሩ፣ ከ100 በላይ መምህራን በከተማው ጋዜጣ ግልጽ ደብዳቤ አወጡ። የኢራቅን ጦርነት ኢፍትሐዊነት ከእምነታቸው ተነሥተው አስረዱ። አዳራሹን አልዘጉም፤ እንግዳውንም በጩኸት አላቋረጡም። ነገር ግን ዝምታቸው እንደ ስምምነት እንዲቆጠር አልፈቀዱም። ከእነዚህ መምህራን ብዙዎቹ በእምነታቸው ወግ አጥባቂ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሆኖም ለሥልጣን እውነቱን ነገሩት። ደመወዙን ከተቋሙ የሚቀበል ሰው የተቋሙን እንግዳ በስሙ ፈርሞ መንቀፉ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ከእነዚህ አብነቶች ሁሉ የሚመነጨው ትምህርት አንድ ነው። አከራካሪ ተናጋሪን መከልከል ሕዝብን አያነቃም፤ ጠርቶ በጭብጨባ ማጀብም አያነቃም። ሕዝብን የሚያነቃው ተናጋሪው ከተናገረ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው። አድማጭ በፈቃዱ ሊመጣ ይገባል። እንግዳ ከመድረኩ ሳይወርድ ሊጠየቅ ይገባል። መስማት ከማክበር ሊለይ፣ መርህም ለወዳጅና ለባላንጣ በእኩል ሊሠራ ይገባል። ከሁሉ በላይ የቤቱ ሰው፣ ይኸውም ተማሪው፣ መምህሩና ጽዳት ሠራተኛው፣ እንግዳው ከሄደ በኋላም ያለ ፍርሃት የመናገር መብቱ ሊጠበቅለት ይገባል። የአንድ መድረክ ነፃነት የሚለካው በተጠራው እንግዳ ዝና ሳይሆን በኋለኛው ወንበር በተቀመጠው ሰው ድምፅ ነው።

ይህ መለኪያ ለሩቅ አገር ብቻ የተቀመጠ አይደለም። የነዋሪዎች ማኅበር አባላትና የፋብሪካ ሠራተኞች ሆይ! ነገ በየአዳራሻችሁ ባለሥልጣን፣ ምሁር ወይም ሰባኪ መጥቶ ሲናገር በትዕግሥት አዳምጡ፤ ክቡር እንግዳን ማዳመጥ የጨዋ ሕዝብ ወግ ነው። ንግግሩ ሲያበቃ ግን ከማጨብጨባችሁ በፊት እጃችሁን አውጡ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ያልተስማማችሁበትን በግልጽ ተናገሩ፤ ጎረቤታችሁ ሲጠይቅም እንዳይሸማቀቅ ከጎኑ ቁሙ። ጠያቂ አድማጭ ያለበትን መድረክ ማንም ብቻውን ሊይዘው አይችልም።