ጀግና አትበሏቸው!

ቤሩት ወይም ዱባይ የሠራች እህት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ያለው ሰው ይቺን ንግግር ሳይሰማ አይቀርም፦ «ፊሊፒኖቹማ መንግሥት አላቸው!» ደሞዛቸው ከእኛ ልጆች ይበልጣል (መንግሥታቸው በ2006 የቤት ሠራተኛ ደሞዝ ከወር 400 ዶላር በታች እንዳይሆን ወስኗል)፣ ሲበደሉም ኤምባሲያቸው ይጮህላቸዋል። እውነት ነው፣ አልክድም። የሚያናድደኝ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ «እኛም እንደነሱ ሴቶቻችንን አሰልጥነን በገፍ ብንልክ...»

ቆይ እስቲ! ፊሊፒን የከፈለችውን አይተን ነው? (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አንብቡልኝ።)

ነገሩ በ1974 ጀመረ። የዛሬው ፕሬዚዳንት አባት ፈርዲናንድ ማርኮስ ባወጡት የሠራተኛ ሕግ ሰው ወደ ውጭ መላክ የመንግሥት ሥራ ሆነ። አገር ቤት ሥራ የለም፣ ዶላርም የለም፤ ስለዚህ ለጊዜው ሰው እንላክ ተባለ። ያ «ለጊዜው» ይኸው ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው። በ2024 ብቻ በባንክ በኩል የገባው ገንዘብ ከ34 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ይህን ያህል የሚያስገባ ነገር ማን ያቆማል?

በ1988 ደግሞ ፕሬዚዳንት ኮራዞን አኪኖ ሆንግ ኮንግ ያሉ የቤት ሠራተኞችን አዲሶቹ ጀግኖች ብለው ጠሯቸው። ከዚያ ወዲህ «ባጎንግ ባያኒ» የሚለው ስም ከባለሥልጣናቱ አፍ አልጠፋም።

እኔ የምጠላው ይሄን ስም ነው። ጀግና ከተባልሽ መስዋዕትነት ግዴታሽ ሆነ ማለት ነው። ጀግና አያማርርም። ጀግና «ልጄ አያቱን እማዬ እያለ አደገ» ብሎ አያለቅስም። ቸኮሌት፣ ሳሙና፣ የታሸገ ሥጋ በትልቅ ካርቶን ጠቅጥቃ ትልካለች፤ «ባሊክባያን ቦክስ» ይሉታል። ካርቶኑ ሲከፈት ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እሷ ግን የለችም።

ያ የምንቀናበት ጥበቃስ ከየት መጣ? ከሙገሳው? በፍጹም! ከቁጣ ነው የመጣው። በ1995 ሲንጋፖር ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የተባለችውን የቤት ሠራተኛ በነፍስ ግድያ ፈርዳ ሰቀለቻት። ሕዝቡ «መንግሥታችን አልደረሰላትም» ብሎ አደባባይ ወጣ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ፣ የስደተኛ ሠራተኞች ሕግም በዚያው ዓመት ወጣ። በ2018 ኩዌት ውስጥ የአንዲት ፊሊፒናዊት አስከሬን ፍሪዘር ውስጥ ተገኘ። ማኒላ ወደ ኩዌት የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደች፤ አሠሪ የሠራተኛዋን ፓስፖርት እንዳይነጥቅ፣ ስልኳንም እንዳይከለክል የሚል ስምምነት የተፈረመው ከዚያ በኋላ ነው። አያችሁ? ሬሳ ይቀድማል፣ ሕግ ይከተላል።

«ታዲያ ቤታቸው ተቀምጠው ይራቡ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም ወዳጄ። ሄዳ የምትሠራዋን ከልቤ አከብራታለሁ። ጠቤ ከላኪው ጋር ነው። አገር ቤት ሥራ መፍጠር ያቃተው መንግሥት ዶላሯን ተቀብሎ «ጀግና» ሲላት ዕዳውን በጭብጨባ እየከፈለ ነው። በ2021 መጨረሻ ለእነዚሁ ሠራተኞች ራሱን የቻለ ሚኒስቴር የሚያቋቁም ሕግ ተፈረመ። ጥሩ ነው። ግን ላለመሄድ ለምትፈልገዋስ ምን ተቋቋመላት?

እኛም ከፊሊፒን የምንቀዳ ከሆነ ቁጣቸውን እንቅዳ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተባረው ሲመለሱ አልቅሰን ነበር፤ ዛሬ ስንቶቻችን እናስታውሳቸዋለን? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። መልካም። መቃብር ውስጥ የምትገባው ግን ልጅቷ ናት። ስሙ ይቅርባት፣ ፓስፖርቷን፣ ደሞዟንና የዕረፍት ቀኗን ስጧት። ከሁሉም በፊት ደግሞ «አልሄድም» ማለት የምትችልበትን እንጀራ!