የካምቢዮውን ዘይት ያላየ ደላላ የመኪና ዋጋ አይቁረጥ

የመኪና መለዋወጫ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ሰው መንገዱ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያደርሰዋል። ከተፈቱ መኪኖች የወጣው ሞተር፣ በር፣ መብራትና ካምቢዮ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። ከዚህ ሁሉ ባለመኪናን የሚያስደነግጠው የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዋጋ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይህ ወጪ በጥቂት ሊትር ዘይት ሊቀር ይችል የነበረ መሆኑ ነው።

ነገሩ የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የገበያም ጉዳይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሦስቱ ድምር ውጤት ግልጽ ነው። በቤተሰብ እጅ ያለችው የቤንዚን መኪና በቀላሉ የማትተካ ሀብት ሆነች፤ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫም በአዲሱ ምንዛሪ መሰላት ጀመረ።

ታዲያ ይህ ሀብት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ምን ይጠየቃል? ደላላው ስለ ቀለሙ፣ ስለ ጎማውና ሞተሩ ስላለመከፈቱ ይምላል። ገዢውም ኮፈኑን አስከፍቶ የሞተሩን ዘይት ያያል። የካምቢዮው ዘይት መቼ እንደተቀየረና የትኛው ዓይነት እንደተጨመረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በከተማው ጎዳና የበዛችው ቶዮታ ቪትዝ ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ ኦቶማቲኳ ባለ አራት ማርሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የተተካችው ሁለተኛዋ ግን ባለ 1 ሊትር ሞተሯ ከሲቪቲ ጋር መጣች። ስሟ አንድ፣ ካምቢዮዋ ሁለት ዓይነት ማለት ነው። በመደበኛው ኦቶማቲክ ማርሽ የሚቀያየረው በዘይት ግፊት በሚጨመቁ የፍሪሲዮን ዲስኮች ነው። ሲቪቲ ደረጃ ያለው ማርሽ የለውም፤ እየሰፉና እየጠበቡ የሚሠሩ ሁለት ፑሌጃዎችን የሚያገናኝ የብረት ቀበቶ ኃይሉን ያስተላልፋል። እዚህ ላይ የዘይቱ ሥራ ማለስለስ ብቻ አይደለም፤ ቀበቶው ፑሌጃው ላይ እንዳይንሸራተትም ያደርጋል።

ለዚህም ነው ቶዮታ ለኦቶማቲኩ ቲ-ፎርና ደብልዩ ኤስ፣ ለሲቪቲው ደግሞ ቲሲና ኤፍኢ የተባሉ የተለያዩ ዘይቶች የሚያቀርበው። ኒሳንም ለሲቪቲው ኤንኤስ-2 እና ኤንኤስ-3 የሚላቸው አሉት። «የቪትዝ ካምቢዮ ዘይት ስጠኝ» ብሎ የቀረበለትን ቀይ ዘይት ሁሉ የሚገዛ ሰው ጥቂት መቶ ብር አተረፍኩ ሲል ካምቢዮውን ሊያጣ ይችላል። ትክክለኛው ዓይነት የተጻፈው በመኪናው መመሪያ ላይ ነው።

«ካምቢዮ ዘይቱ ከተቀየረ ይሞታል» የሚል ወሬ በጋራዦች ይሰማል። ወሬው ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። ብዙ ባለመኪና ዘይት ለመቀየር የሚነሳው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ዲስኮቹ አልቀዋልና አዲስ ዘይት አያድናቸውም፤ ጥፋቱ ግን የመጨረሻው ዘይት ላይ ይለጠፋል። ዘይት የካምቢዮ ምግብ እንጂ የሞት መድኃኒት አይደለም።

የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ ለካምቢዮ ከባድ ነው። ዳገቱና በየደቂቃው መቆሙ ዘይቱን ያግላል፤ ሙቀትም ዘይትን ያበላሻል። ዳገት ላይ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ ነዳጅ እየሰጠ መኪናውን የሚያቆም ሾፌር ሙቀቱን ያብሰዋል። የተበላሸ ኦቶማቲክ መኪና መንጃ ጎማዎቹ መሬት እየነኩ በገመድ መጎተትም ሌላ ጥፋት ነው፤ የካምቢዮው ዘይት ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ስለሆነ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይት አይዳረስም። እንዲህ ላለው አሠራር ከ40,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ዘይቱን መቀየር በሙያው የተለመደ ምክር ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች በአንድ ጊዜ ማፍሰስ የሚወጣው ከጠቅላላው ዘይት ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉ ብቻ በመሆኑ ደግሞ መድገሙ ይጠቅማል።

እዚህ ላይ ኃላፊነቱ የባለመኪናው ብቻ አይደለም። ያገለገለ ካምቢዮ የሚሸጥ ነጋዴ ከየትኛው ሞዴል እንደወጣ በደረሰኙ ላይ ቢጽፍና ለጥቂት ቀናት የመሞከሪያ ዋስትና ቢሰጥ ደንበኛ ያተርፋል እንጂ አይከስርም። ደላላውም የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ ያላትን መኪና ከሌላት ለይቶ ዋጋ ቢቆርጥ ሻጩ ሁሉ ደረሰኝ መያዝ ይጀምራል። ገዢው ደግሞ ብር ከመቁጠሩ በፊት ዘይቱ ጠቁሮ የማረር ሽታ እንዳለው ያስመርምር፤ መኪናዋን ዳገት ላይ ይንዳት፤ «ዲ» ሲገባ ከዘገየች ወይም ስትነሳ ከተንቀጠቀጠች ዋጋው ከዚያ ይጀምር።

ገበያ ትኩረት የሚሰጠው ዋጋ ላለው ነገር ነው። የዘይት ቅያሪ በመኪናዋ ዋጋ ላይ እስካልታየ ድረስ ተንከባካቢውም ግዴለሹም እኩል ይሸጣሉ፤ ዕዳውን የሚከፍለው የመጨረሻው ገዢ፣ ብዙ ጊዜም የዓመታት ቁጠባውን ያወጣ ቤተሰብ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር ለካምቢዮም ይሠራል።