ሳያነቡ አይፈረምም

በዚህ ሳምንት ስለ አንድ የሩቅ አገር ጨዋታ እናወራለን። ጨዋታው ጎልፍ ይባላል። ወሬው የጨዋታ ይምሰል እንጂ የእኛን የአሪቻ ሰዎችን ኪስ የሚነካ ቁም ነገር አለበት።

የገና ጨዋታን ያላየ ቢኖር ስሙን ሰምቷል። በቆልማማ ዱላ ሩር ይመታል። ጎልፍም ኳስን በዱላ መምታት ነው። ግፊያና ሩጫ ግን የለበትም። በሰፊ የሣር ሜዳ ላይ 18 ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። የአንዱ ጉድጓድ አፍ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። ተጫዋቹ ትንሿን ኳስ እየመታ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ይሄዳል። የሚያሸንፈው ብዙ የመታ አይደለም። በጥቂት ምት የጨረሰ ነው።

ሩጫ ስለሌለበት አዛውንቶችም ይጫወቱታል። ለአዛውንት ወንዶች ለብቻው የሚዘጋጅ ውድድርም አለ። አንዳንዱን ሁለት ሁለት ሆነው ይጫወቱታል። በየጉድጓዱ ከሁለቱ የተሻለው ውጤት ለሁለቱም ይቆጠራል። አንዱ ሲደክመው ሌላው ያግዘዋል። እንደ ደቦ በሉት።

ታዲያ ምቱን ማን ይቆጥራል? ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። በትልልቅ ውድድር አንዱ የሌላውን ምት በካርድ ላይ ይጽፍለታል። በመጨረሻ ባለቤቱ ካርዱን አይቶ ይፈርማል። ፈርሞ ካስረከበ በኋላ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ከመታው በላይ ከተጻፈበት የተጻፈው ይጸናበታል።

ሮቤርቶ ዴ ቪሴንሶ የአርጀንቲና ሰው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1960 ዓ.ም. 45 ዓመት ሞላው። በዚያው ቀን በአሜሪካ፣ በኦገስታ ከተማ፣ ማስተርስ የሚባለውን ትልቅ ውድድር ይጫወት ነበር። በ17ኛው ጉድጓድ ኳሷን በ3 ምት አስገባ። ሕዝቡ አየ። በቴሌቪዥንም ታየ። አብሮት የሚጫወተው ሰው ግን ተሳስቶ በካርዱ ላይ 4 ብሎ ጻፈ። ዴ ቪሴንሶ በቅጡ ሳያይ ፈረመ።

በቃ፣ 4 ሆኖ ቀረ። 3 ቢሆንለት ኖሮ ከአሜሪካዊው ከቦብ ጎልቢ ጋር እኩል አንደኛ ይወጣ ነበር። በአንዲት ቁጥር ሁለተኛ ሆነ። ያ ሁሉ ሰው ማየቱ አልጠቀመውም። ልብ በሉ፤ ሰውዬው ማንበብ ይችል ነበር። የጎዳው ሳያነብ መፈረሙ ነው።

ዴ ቪሴንሶ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1971 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኦስቲን ከተማ፣ የአዛውንት ወንዶች የጥንድ ውድድር ተደረገ። ስሙ ሌጀንድስ ኦፍ ጎልፍ ነበር። እሱ 56 ዓመቱ ነበር፤ ጓደኛው ጁሊየስ ቦሮስ 59። ከቶሚ ቦልትና ከአርት ዎል ጋር እኩል ወጡ። ተጨማሪ ጉድጓድ ተሰጠ። በ6ኛው ተጨማሪ ጉድጓድ እነዴ ቪሴንሶ አሸነፉ።

በዚያው በ1971 ዓ.ም.፣ ሐምሌ 1 ቀን፣ በአገራችን ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ብዙ አባቶችና እናቶች ከጣት አሻራ ወደ ፊርማ ተሸጋገሩ። ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ስም መጻፍ ብቻውን አይበቃም።

አሁን ወደ አሪቻ እንመለስ። በሶንጎ ላይ የሽማግሌ ቃል ይከበራል። በቡና ሚዛን ላይ ግን የሚናገረው ወረቀት ነው። የለቀምነው እሸት ቡና 38 ኪሎ መዘነ እንበል። ደረሰኙ ላይ 33 ተብሎ ቢጻፍስ? 3 እና 8 ይመሳሰላሉ። የጻፈው ሰው ሌባ ላይሆን ይችላል። ደክሞት ይሆናል፤ መሽቶበት ይሆናል። ከፈረምን በኋላ ግን 5 ኪሎ ቡና ሄደ ማለት ነው። የልጆች ደብተር መግዣ ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ፦

1. ሚዛኑን ራሳችን እንይ። ቁጥሩንም ጮክ ብለን እንናገር።
2. ደረሰኙ ላይ ስማችንን፣ ቀኑን፣ ኪሎውንና ዋጋውን እናንብብ።
3. እንደ አዛውንቶቹ ሁለት ሁለት ሆነን እንሂድ። አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል።
4. ስህተት ካለ ሳንፈርም እናሳርም። ጠይቆ ማሳረም ነውር አይደለም።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እኛም እንጨምርበት፤ ስህተትም ከተጻፈና ከተፈረመ ይወረሳል።

መልመጃ። አንድ ገበሬ ሰኞ 24 ኪሎ፣ ረቡዕ 31 ኪሎ፣ ዓርብ 19 ኪሎ እሸት ቡና አስረከቡ። የሳምንቱ ደረሰኝ «ድምር 64 ኪሎ» ይላል። ይፈርሙ ወይስ አይፈርሙ? ደምራችሁ ለጎረቤታችሁ አስረዱ።